ለሌሊት ተረኛዋ፦ አስፈሪ ታሪክ መጻፍና መድበል ማዘጋጀት

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ውስጥ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ አስፈሪ አጫጭር ልብ ወለዶች ጽፌያለሁ። ሦስት ጓደኞቼም እንደዚሁ ይጽፋሉ። ለብቻዬ ላሳትም ወይስ የጋራ መድበል ላዘጋጅ? በዚህ ሥራ መኖርስ ይቻላል? እናቴ ደግሞ ‹የክፉውን ነገር ስም እየጠራሽ ቤታችን ታመጪብናለሽ› ትለኛለች፤ ስጽፍ ባየችኝ ቁጥር ታማትባለች። እሷንስ ምን ልበላት?»

ምላሽ፦

በዕድሜ ታላቅሽ ሳልሆን አልቀርም፤ ስለዚህ «አንቺ» እያልሁ ልጻፍልሽ። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ፤ ከራሴ ታሪኮች ሌላ ሦስት የአስፈሪ ታሪክ መድበሎችን አዘጋጅቻለሁ። የምነግርሽ ከዚያ የተረፈኝን ነው።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ከሦስቱ የሚከብደው እሱ ነው። እናትሽ የሚሉት ሥር ያለው ነገር ነው። እኛም ልጆች ሆነን በጨለማ ስለ ጋኔን ስናወራ አያቴ «በስመ አብ በሉ!» ብላ አፋችንን ታስይዘን ነበር። ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም፤ «ያ ነገር» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን በዚሁ አገር፣ በዚሁ እምነት ውስጥ፣ ስሙን መጻፍን መከላከያ ያደረገ የቆየ ልማድም አለ። የድሮ ክታብ አይተሽ ታውቂ ይሆናል፤ ብራና ነው፣ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚለካ፣ ተጠቅልሎ በቆዳ ተሰፍቶ የሚንጠለጠል። በብዙዎቹ ላይ የሱስንዮስ ጸሎት ይገኛል። ሕፃናትን የምትገድለው ውርዝልያ በዚያ ጸሎት ውስጥ በስሟ ትጠራለች፤ ቅዱስ ሱስንዮስም በፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር ይወጋታል። ደብተራው ስሟን አልሸሸገውም፤ ጽፎት አጠገቡ ትልልቅ ዓይኖች ሣለበት። ስሟ የተጻፈው እንድትሸሽ ነው። ክታብ ይያዝ አይያዝ የሚለው የካህናት ክርክር ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔ የምለው ስለ ጽሑፉ ነው፤ ያ ደብተራ የሙያ አባታችን ነው።

ይህን ለእናትሽ አትስበኪላቸው፤ ከአንቺ በላይ ሊያውቁት ይችላሉ። ይልቅስ አንድ ታሪክሽን ቡና ተፈልቶ በተቀመጣችሁበት አንብቢላቸው። ወይ ተቆጥተው ይነሣሉ፣ ወይ «ይህማ ምን ያስፈራል!» ብለው የተሻለውን ይነግሩሻል። የሁለተኛው መድበሌ ምርጥ ታሪክ የተወለደው «ይህን ነገር ተወው ልጄ» ብለው ከጀመሩና አንድ ሰዓት ሙሉ ካወሩ የአንድ ደራሲ አክስት ነው።

መኖር ይቻላል ወይ ላልሽው፦ አይቻልም። ከአሥራ አንድ ታሪክ ቀርቶ ከአንድ መቶ አሥራ አንድም የቤት ኪራይ አይወጣም። በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያውን ወጪ የሚሸፍነው ደራሲው ራሱ ነው፤ መጽሐፉ ከተሸጠ መጀመሪያ የሚመለሰው የወረቀቱ ዋጋ ነው። ውጭ አገር ያለውም ቢሆን ከሩቅ እንደሚመስለን አይደለም። የአሜሪካ የሳይንስና የምናብ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ለአጭር ልብ ወለድ የባለሙያ ዝቅተኛ ክፍያ ብሎ ያስቀመጠው ለአንድ ቃል 8 የዶላር ሳንቲም ነው። ሦስት ሺህ ቃል ያለው ታሪክ 240 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። በዓመት አሥር ታሪክ መሸጥ የቻለ፣ እሱም ብርቱ ሰው፣ 2,400 ዶላር አገኘ። እዚያም ያሉት ብዙዎቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላቸው።

ስለዚህ ነርስነትሽን አትልቀቂ። ይህን ስልሽ ለደመወዙ ብቻ አይደለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኮሪደር የሚሰማ የእግር ኮቴ ምን እንደሚመስል የምታውቂ ጸሐፊ ነሽ፤ እኔ ያንን ለማወቅ መታመም ነበረብኝ። አንድ ነገር ብቻ ግን አደራ፦ የበሽተኛ ምሥጢር ታሪክ አይሆንም። ስሙን መለወጥ አይበቃም፤ ሁኔታውን ዘመዶቹ ያውቁታል።

አሁን ወደ መድበሉ። «ከሦስት ጓደኞቼ ጋር» ያልሽው አሳስቦኛል። አራት ጓደኛሞች ታሪካቸውን ሰብስበው ሲጠርዙት መጽሐፉ ማኅበር እንጂ መድበል አይሆንም፤ ተራ ይደርሳል፣ ሁሉም ይደግሳል፣ ማንም ጠላው ቀጠነ አይልም። የመድበል አዘጋጅ ዋና ሥራው «ይህ አይገባም» ማለት ነው። ለጓደኛሽ ይህን ልትይው ትችያለሽ? ካልቻልሽ ለሁሉም ክፍት የሆነ ጥሪ አውጪ፤ ጓደኞችሽም እንደማንኛውም ሰው ይላኩ፤ ስማቸው ተሸፍኖ ይነበብ። የራስሽን ታሪክ ደግሞ በምታዘጋጂው መድበል ውስጥ አታስገቢ። በመጀመሪያው መድበሌ የራሴን አስገብቼ ነበር። ከሁሉ ደካማው እሱ ነበር፤ ለመናገር የደፈረኝ ሰው አልነበረም።

ጥሪሽ ጠባብ ይሁን። እኔ ለመጀመሪያው መድበል «አስፈሪ ታሪክ ላኩ» ብቻ አልሁ። አርባ ሰባት ታሪክ መጣ፤ አሥራ ዘጠኙ «ሲነቃ ሕልም ነበር» ብለው አለቁ። አሥራ ዘጠኝ ሰው አስፈራርቶኝ መልሶ ይቅርታ ጠየቀኝ ማለት ነው! ለሁለተኛው «ውኃ» ብዬ ጠራሁ፤ ሕልም ተብሎ የሚያልቅ ታሪክ አንድም አልወጣውም። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ውኃ ሲባል የሚያስታውሰው የራሱ ነገር አለውና። የደንገል ታንኳ ሲርስ እንዴት እንደሚከብድ የጻፈ ነበር። ጉማሬ በሌሊት ከባሕሩ ወጥቶ ሲግጥ ከአጥሩ ማዶ የሚሰማውን ትንፋሽ የጻፈችም ነበረች፤ በታሪኩ መጨረሻ ትንፋሹ ከአጥሩ ወዲህ ይሰማል። እምቦጭ የሸፈነው ዳርቻ ላይ መረቡን ሲጎትት የማይላቀቅ ነገር የያዘውን ዓሣ አጥማጅ የጻፈውም ልጅ ከዚያ ወዲህ በርትቷል።

ካልተቀበልኋቸው መካከል ሁለት ዓይነቶቹን ልንገርሽ፤ ለአንቺም ይመጡብሻልና።

አንደኛው የደጋ እስጢፋኖሱ ነው። የነዐፄ ዳዊት፣ የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል አጽም በዚያ የጣና ደሴት ገዳም እንደሚገኝ ታውቂያለሽ። እስካሁን አራት ሰው «ነገሥታቱ በሌሊት ተነሡ» የሚል ታሪክ ልኮልኛል። አራቱንም መለስሁ። ምክንያቴ አክብሮት ብቻ አይደለም፤ ታሪኮቹ አያስፈሩም። ከመቃብር ተነሥቶ እጁን ዘርግቶ የሚሄድ በድን ከፊልም የመጣ ነው፤ ያንን ደሴት ሰው የሚረግጠው ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ቦታው የራሱ ስሜት አለው፤ ስሜቱን ያላየ ታሪክ ለቦታው እንግዳ ነው። በደጋ ጉዳይ ሳይጻፍ የቀረው ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛውን ግን በቁጣ ነው የመለስሁት፤ ዛሬም ቢመጣ እመልሰዋለሁ። ጭራቁን እውነተኛ ሕዝብ የሚያደርግ ታሪክ ነው። አንጥረኛው ቡዳ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ሰው ትበላለች፣ የባሕሩ ዳር ወይጦ እንዲህ ነው የሚል። ወይጦዎች የጣናን ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ጎረቤት ሲጸየፋቸው ኖረዋል። ቡዳ ተብሎ የሚጠቆምበት ሰው በየሰፈሩ ዛሬም አለ፤ ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር ይማራሉ። አስፈሪ ታሪክ ሰውን ማስፈራት ነው ሥራው፤ አስፈሪውን ሰው መጠቆም ሲጀምር ክስ ይሆናል። ስለ ቡዳ አትጻፊ አላልሁም። ታሪኩን ጣት ከተቀሰረባት ሴት ዓይን ጻፊው፤ ሌሊት ደጇን የሚያንኳኩት ጎረቤቶቿ ይሁኑ። ያኔ ላኪልኝ።

የቋንቋውን ነገር ሳልነሣ አላልፍም፤ እንዲያውም ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ይመስለኛል። ብዙ ወጣት ጸሐፊ የሚያስፈራው ጭራቁ ይመስለዋል። አማርኛ ግን ራሱ የሚያስፈራበት መላ አለው። «ፈራሁ»፣ «ደነገጥሁ» ስትዪ ባለቤቷ አንቺ ነሽ። «ዘገነነኝ»፣ «ሰቀጠጠኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ውርር አደረገኝ» ስትዪ ግን ተደራጊ ሆንሽ። ታዲያ አድራጊው ማን ነው? ግሱ ውስጥ አንድ ስም የሌለው «እሱ» ተቀምጧል። ማንም አይጠይቀውም፤ አንቺ ጸሐፊዋ ጠይቂው። «መጣ። ደጁ ላይ ቆመ። ጫማውን አወለቀ።» ብለሽ ሦስት ገጽ ሙሉ ማን እንደሆነ ሳትናገሪ ልትሄጂ ትችያለሽ፤ ግሱ ባለቤቱን በሆዱ ስለያዘ አንባቢው የጎደለ ነገር አለ አይልም። ከዚያ በአራተኛው ገጽ «ሳቀች» ብለሽ ጻፊ። አንዲት ፊደል ናት።

መጥበቅና መላላቱ ደግሞ ሌላ ሀብት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። ለሦስተኛው መድበል የመጣ አንድ ታሪክ እንዲህ ይጀምራል፦ «ልጁ ዛሬ ማታ ይበላል፣ አለች እናቱ።» ለብዙ ቀን ምግብ እንቢ ያለ ልጅ ነው፤ አንባቢው አላልቶ ያነበዋል፣ ደስም ይለዋል። ታሪኩ የሚያልቀው በዚያችው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ፊደል አልተጨመረ፣ አልተቀነሰ። አንባቢው አሁን አጥብቆ ያነበዋል። እኔ ስደርስበት ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ። አራሚያችን ግን ትጉ ሰው ነበርና «ግልጽ አይደለም» ብሎ ሁለቱንም «ራቱን ይበላል» አድርጎ አስተካክሎልን ቆየ። ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የደረስሁበት። «አለ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ «ከበሩ ኋላ አለ» ስትዪ ተናገረ ነው ወይስ ተደብቋል? አማርኛ ጸሐፊ ይህን ትቶ «ደም ጎረፈ፣ አንጀት ተዘረገፈ» እያለ ሲደክም ሳይ አዝናለሁ።

ምርጫው ካለቀ በኋላ ቅደም ተከተሉ አለ። እኔ ጠንካራውን መጀመሪያ፣ ከሱ የሚቀጥለውን መጨረሻ አደርጋለሁ፤ ረጅሙን መሐል። ደም ከበዛበት ታሪክ ቀጥሎ ጸጥ ያለውን አስቀምጣለሁ፤ የደነገጠ ሰው ለትንሽ ድምፅ ጆሮው ይቆማልና። ይህ የአዘጋጁ ድርሰት ነው። በአሜሪካ የሆረር ጸሐፊዎች ማኅበር ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ«ድራኩላ» ደራሲ በብራም ስቶከር ስም በሚሰጠው ሽልማት ውስጥ መድበል ከ1998 ወዲህ ራሱን የቻለ ዘርፍ የሆነው ያለ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ያን ሁሉ ደርድሬ ያስረከብሁት መጽሐፍ፣ ስሙን የማልጠራው ማተሚያ ቤት ሲጠርዘው፣ በመቶ በሚሆኑ ቅጂዎች ላይ አሥራ ስድስት ገጽ የያዘው አንዱ እጥፍ ሁለት ጊዜ ገብቶ የሚቀጥለው ወደቀ። የአራተኛው ታሪክ ሟች ተቀብሮ፣ አንባቢው ገጹን ሲገልጥ እንደገና ቁርሱን እየበላ ነው። አንዲት አንባቢ «በሕይወቴ እንደዚህ ያስደነገጠኝ አወቃቀር የለም» ብላ ጻፈችልኝ። ምን እንደመለስሁላት አልነግርሽም።

አሁን አሰልቺው፣ ግን የማይታለፈው፦ ውል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 ተሻሽሏል) መድበልን በራሱ ሥራ አድርጎ ይጠብቀዋል፤ ምርጫውና አደራደሩ የራስሽ ፈጠራ እስከሆነ ድረስ። ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ታሪክ ግን የደራሲው እንደሆነ ይቀራል፤ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ደራሲ ጋር አንድ ገጽ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልግሻል፦ ለዚህ መድበል ብቻ ነው ወይስ ለድምፅ መጽሐፍና ለትርጉምም? ሌላ ቦታ መቼ ሊያሳትመው ይችላል? ክፍያው ገንዘብ ነው ወይስ ስንት ቅጂ? ቢሸጥና ትርፍ ቢኖር እንዴት ይካፈላል? እኔ በመጀመሪያው ጊዜ «እንተማመናለን» ብዬ በቃል ሄድሁ። መድበሉ ማተሚያ ቤት ሳለ ከደራሲዎቹ አንዱ ያንኑ ታሪክ በራሱ መጽሐፍ አወጣው። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ የከለከለው ቃል አልነበረምና። የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ታገኛለሽ፤ እዚያው የሚቀመጡትን ቅጂዎች መስጠትም እንዳትረሺ።

ለብቻሽ ማሳተሙን አሁን ተይው። አሥራ አንድ ታሪክ ለመጽሐፍ ይበቃል፤ ሦስቱ እንኳ በሌላ አዘጋጅ እጅ ሳያልፉ ግን አይበቃም። መጀመሪያ በሌሎች ሰዎች መድበልና መጽሔት ይውጡ፤ ሰው «አይሆንም» ሲልሽ ስሚው፣ በኋላ አንቺም ለሌላው ስትዪ አባባሉን ታውቂበታለሽ። ቴሌግራም ላይ መልቀቅ አንባቢ ያመጣል፤ በማግስቱ ስምሽ ተቆርጦ ሌላ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ እንጂ። ከስርቆቱ የባሰው ጉዳቱ ግን «ይቀጥላል» የሚለው ልማድ ነው። በየክፍሉ መጨረሻ አንባቢን ማንጠልጠል የለመደ ጸሐፊ ታሪክ መጨረስ ያቅተዋል፤ ልብ አንጠልጣይና አስፈሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግሊዝኛሽ ደህና ከሆነ፣ ወይም ታማኝ ተርጓሚ ካለሽ፣ አንዱን አስተርጉመሽ ላኪ። እ.ኤ.አ. በ2014 ናይጄሪያውያን አዘጋጆች የጀመሩት ኦሜናና የተባለ የኢንተርኔት መጽሔት የአፍሪካውያንን የምናብ ታሪኮች ያወጣል። በነገራችን ላይ በቃላት ብዛት የሚከፈልበት ገበያ ለአማርኛ ይስማማዋል፤ እኛ «አልመጣችም» ብለን በአንድ ቃል የጨረስነው እዚያ ሲደርስ ሦስት አራት ይሆናል።

ባሕር ዳር ከአሳታሚዎች ሩቅ ነው ብለሽ እንደምታስቢ ከጥያቄሽ ተሰምቶኛል። ማዶ ያለችውን ዘጌን ተመልከቻት። በአማርኛ የመጀመሪያውን ረጅም ልብ ወለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት እዚያ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ደግሞ አማርኛ፣ ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር የሚማሩ ልጆች በየገጠሩ ተረትና አፈ ታሪክ ይሰበስባሉ፤ ተለማመጫቸው፣ ያስነብቡሻል።

ወደ ደጋ ልመለስ። ወደ ገዳሙ ሴት አትወጣም። ጀልባው ሲደርስ ወንዶቹ ይወርዳሉ፣ ሴቶቹ ከባለ ጀልባው ጋር ይቀራሉ። በዚያ ደሴት ላይ የተላኩልኝን ታሪኮች የጻፉት አራቱም ወንዶች ናቸው፤ አራቱም ዳገቱን ወጥተው ነገሥታቱን አስነሡ። ከታች ጀልባው ውስጥ የቀረችውን ማንም አልጻፋትም። ስድስት ወንዶች ሲወጡ ቆጥራለች። ሲመለሱም ትቆጥራለች።

የሚቀጥለው መድበሌ ጥሪ ገና ክፍት ነው፤ ይህን ከአንቺ እጅ ባነበው ደስ ይለኛል። ቦታውን ሳታዪ ግን አትጻፊው። ከሌሊት ተራሽ በኋላ ሳይሆን እረፍት በሆንሽበት ቀን ሂጂ፤ በጠዋት ተነሺ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ያስቸግራል። ደብተርሽን በላስቲክ ጠቅልዪው።